የሽክርክሪቱ ደወል

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ለእናቴ መድኃኒቷን በማንኪያ እየሰጠሁ ስለነበር ሰዓቱን አልረሳውም። የእናቴን ቤት ከልጆች መጫወቻው ግቢ የሚለየው አንድ የግንብ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ታላቅ ወንድሜ በእጁ የሠራው፣ በአራት ክንዶቹ ጫፍ አራት ወንበር ያለው ሽክርክሪት ቆሟል። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ትንሽ ደወል ይመታል።

ያን ጠዋት ደወሉ እንደ ወትሮው ዝግ ብሎ መታ። ቆየት ብሎ ደገመ። ከዚያ ፈጠን አለ። ከዚያማ ውሻ እንዳባረረው ሰው እግር ሆነ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። እናቴ ማንኪያውን ከአፏ አራቀች።

«ምን ነክቶት ነው ዛሬ እንዲህ የሚያጣድፈው?»

ሳልመልስላት አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ሰማን። ወዲያው «ጓ!» የሚል የብረት ድምፅ ተከተለ። ከዚያ ደወሉ እንደገና ዝግ አለ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቆየት እያለ ይመታል።

ማንኪያውን ጥዬ ሮጥኩ።

በአጥሩ በር ስገባ ወንድሜ ከግንቡ ሥር ተጋድሟል፤ ከሽክርክሪቱ ዐሥር እርምጃ ርቆ። አንገቱ መዞር ወደማይገባው ዞሯል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው ተቀምጦበት ከነበረው ወንበር ሥር ተሰንቅሮ ቀርቷል። የግቢው ሥራ አስኪያጅ ቀኝ እጁን በኮቱ ኪስ ከትቶ፣ በግራ እጁ የሽክርክሪቱን አንድ ወንበር እንደ ጥጃ ይዞ አቁሞታል። ባለቤቴ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ከጣቶቹ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እሱ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ባለቤቴ በአገጩ እየጠቆመ። «በቢሮዬ መስኮት፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እንደ እብድ እየሮጠ ነው የገፋው!»

«አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት» አለ ባለቤቴ ወደ ወንድሜ እያየ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ዛቢያ ‹በቃ› አለኝ። እጄን ግራሶ ነክቶት ስለነበር ልታጠብ ሄድኩ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ... በራሱ ፈጠነ።»

«በራሱ?» አለች የግቢው ቀለም ቀቢ፣ ከአጥሩ ማዶ መሰላሏ ላይ ሆና። «ብረት በራሱ ይፈጥናል እንዴ፣ ወንድሜ?»

 እኔ አልተከራከርኩለትም። ዝምታዬን ባለቤቴ አይቶታል።

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ዛቢያ» ነበር የሚለው፤ ግቢው በእሱ ዙሪያ ይዞራል ለማለት። ሽክርክሪቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቆ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ያን ዕለት አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለታል። ሞተሩን ከሽክርክሪቱ የሚያገናኘው ቺንጋ ግን ገና ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጥገና በኋላ ወንድሜ የማያፈርሰው አንድ ልማድ ነበረው፤ «ሠሪ ይቅደም» ይለዋል። በሦስቱ ወንበሮች ላይ በእሱ ክብደት ልክ የአሸዋ ጆንያ ያስቀምጣል፤ በአራተኛው ራሱ ይቀመጣል። አንድ ሰው በእጅ አንድ ጊዜ ይገፋል። ወንድሜም ወደ ጎን ተጋድሞ ጆሮውን ከወንበሩ ብረት ላይ ለጥፎ ኩሽኔታውን ያዳምጣል። መታጠቂያውን አስሮ መጋደም ስለማይቻል አይታጠቅም። ስንቴ ተቆጥተነዋል። «በሰው እጅ ከተገፋ ነገር እናቴም አትወድቅም» ይል ነበር።

የሚገፋለት ምንጊዜም ባለቤቴ ነው፤ የግቢው በያጅ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከዚያው ሽክርክሪት ተወርውራ እግሯ ሲሰበር፣ ሥራ አስኪያጁ «የብየዳ ጉድለት» ብሎ ጽፎበት ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ሰኞ፣ ደግሞ ወንድሜ ባለቤቴ ላይ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ሲጮህ ግቢው ሁሉ ሰምቷል፤ «ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር በልተህ ጠጥተህ!»

ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ማን ነው? እናቴ አልፈለገችም። «ያ ሰው ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ» አለች። ወንድሜን በጠዋት አጣሁ፤ ባሌን ደግሞ ሳይመሽ ላጣው ነው፤ ያውም አንዱን በሌላው እጅ። እውነት ከሆነ አብሬው ልኖር አልችልም። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ዝም ብዬ አሳስሬዋለሁ። በልቤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚህ በታች ያላየሁትን ሁሉ ከየባለቤቱ አፍ ኋላ ሰብስቤዋለሁ።

መርማሪዋ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። አጭር፣ ሃምሳውን ያለፈች፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወፍጮ» ይሏታል፤ የገባላትን ሁሉ ስለምታደቅ። ሬሳውን አየች፤ ከዚያ ሽክርክሪቱን ሰባት ጊዜ ዞረችው። ቀጥላም በአንድ እጇ ገፋ አደረገችውና ሰዓቷን ተመለከተች። ደወሉ በየስምንት ሴኮንዱ መታ።

«አንተ» አለች ለአንዱ ፖሊስ። «እየሮጥክ ግፋው። እንደ እብድ።»

ፖሊሱ ላብ እስኪያጠምቀው ገፋው። ደወሉ ተጣደፈ። ሲለቀው እሷ ሰዓቷን ይዛ ትንቆራጠጥ ጀመር። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ሽክርክሪቱ ይበራል። ዐሥር አለፈ፤ ይበራል።

«እትዬ፣ ላቁመው?» አለ ፖሊሱ።

«ትችላለህ?»

ወንበሩን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ መትቶ አሽቀነጠረው።

«ተወው» አለች። «አዲስ ኩሽኔታ አይደል? ይዞር።»

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ በእግሯ እየገፋች የምታዞረው ተሽከርካሪ ወንበር ስላገኘች ደስ አላት።

«ከዚህ እስከ ሽክርክሪቱ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ሰባ ቢሆን ነው።»

«በያጁ ሲገፋ አይተው ምን አደረጉ?»

«ነገሩ ስላላማረኝ ወዲያው ሮጥኩ። ስደርስ ዛቢያ ወድቋል። ሽክርክሪቱን አቆምኩት።»

«እንዴት?»

«እንዴት ማለት? በእጄ ነዋ። ያዝኩት፣ ቆመ።»

«ጎበዝ ነዎት» አለች። «ሟቹ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዎችን ቀጥሮ ነበር አሉ።»

«ለመክፈቻው ፈቃድ ነው። እኔው ነኝ የቀጠርኳቸው።» ይህን ሲል በግራ እጁ የውኃ ብርጭቆ አነሳ።

ቀለም ቀቢዋ ሳትጠራ መጣች፤ ንዴቷ ከሐዘኗ ጋር ተደባልቋል።

«በሰው ሞት ላይ ስለ ቀለም ታወራለች በሉኝ፣ እትዬ። ግን ቀለሜ ነው! ክንዶቹን ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀብቼ ጨረስኩ። እስከ ማታ እንዳትነኩብኝ ብዬ አንድ በአንድ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ዛቢያ ነፍሱን ይማረውና ‹ከነካሁ እጄን ቁረጪ› ብሎ በመሰላል ነው የወጣው። ይኸው ተፍቋል!»

«አሳዪኝ።»

አራቱ ክንዶች እንደ ሬዲዮ አንቴና ናቸው፤ ቀጭኑ ቱቦ በወፍራሙ ውስጥ ይገባል። በቀጭኑ ቱቦ ላይ እስከ ግማሹ ድረስ ቀዩ ቀለም በቁመቱ ተፍቋል። የተፋቀው ቀለም በወፍራሙ ቱቦ አፍ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተከማችቷል። አራቱም ላይ እንደዚያው ነው። መርማሪዋ በጥፍሯ ነካችው፤ ገና እርጥብ ነበር።

«ከመሰላልሽ ላይ ምን ሰማሽ?»

«ደወሉን። ዝግ አለ፣ ተጣደፈ፣ ደግሞ ዝግ አለ። ከዱብታው በኋላ ደግሞ ‹ጓ!› አለ።»

«ሁለት ድምፅ ነው?»

«ሁለት። የሰው ድምፅና የብረት ድምፅ ይምታታኛል እንዴ? ሃያ ዓመት ብረት የቀባሁ ሰው ነኝ!»

ከሽክርክሪቱ ሥር፣ በሌላ በር የሚገባበት ጉድጓድ አለ። የጉድጓዱ ሰው «ግራሶ» ይባላል፤ ስሙንም እጁንም ከሚቀባው ነገር ነው ያገኘው። መርማሪዋ ስትወርድ አንዱን ጣቱን ደጋግሞ በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«ሽክርክሪቱ ሲዞር እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ እትዬ። ሕግ ነው፤ እሱ እየዞረ ጉድጓዱ ባዶ አይሆንም።»

«ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ጎረቤት የሰማውን?»

«ጆሮዬ ውስጥ ግራሶ ገብቶ ይሆናል።»

አልሳቀችም። «ይሄ ምንድን ነው?»

ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፍርሃቱን ረሳ። «መጠቅለያ ነው። ልጆቹን ለማስቀመጥ ክንዶቹን ወደ መሐል እንሰበስባቸዋለን። ገመዱ በምሰሶው ሆድ ውስጥ ወርዶ እዚህ ይጠቀለላል። ይቺን የማዞሪያ እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ ስታዞሪ እያንዳንዱ ጥርስ ቀጭ እያለ ይይዛል። ለመዘርጋት ጥርሱን የምትይዘውን ይቺን ምላስ ታነሻታለሽ፤ ክንዶቹ በራሳቸው ይወጣሉ። ግን በመጀመሪያ ማኖቬላው መነቀል አለበት! ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሳይነቅል ምላሷን የነካ ሰው፣ ማኖቬላው ወደ ኋላ ተሽከርክሮ እጁን ያደቀዋል።» ሁለት የተጣመሙ ጣቶቹን አሳያት። «ይኸው ትምህርቴ።»

ከመጠቅለያው በላይ ግድግዳው ላይ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ ቀለም፣ «እየዞረ አይሰበሰብም» ተብሎ ተጽፏል።

«ለምን አይሰበሰብም?»

«ዛቢያ ብሏል።»

«እሱስ ለምን አለ?»

ግራሶ መሰላሉን ሽቅብ አየና ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ከጎኑ አዲስ የግራሶ ጣሳ አለ፤ ከእሱም ጎን ሌላ፣ እስከ አፉ የሞላ። መርማሪዋ ሁለቱንም ከፍታ አየች፣ መልሳም ከደነች።

ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ እኔ ዘንድ መጣች። ባለቤቴን ወስደውት ነበር። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ክፍሉን ትዞር ጀመር።

«ትወጂዋለሽ?» አለችኝ።

«ወንድሜን ነው ባሌን?»

«ሁለቱንም እንደምትወጂ ያስታውቃል። የጠየቅኩሽ ታምኚዋለሽ ወይ ነው።»

«‹በራሱ ፈጠነ› ይለኛል። ሌላ ውሸት ቢያመጣ እንኳ አምነው ነበር። ይሄ ግን የሕፃን ውሸት ነው።»

«እኔ ደግሞ ያመንኩት ለዚያ ነው» አለች። «ሊዋሽ ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ያገኛል።»

ይህን እያለች ከኪሷ ቀለሙ ያለቀበት እስክርቢቶ አወጣች። ቀለም መያዣውን መዝዛ ጣለችና ባዶውን ቀፎ አስቀረች። የቁልፏን ክር በቀፎው ውስጥ አሳልፋ፣ ቁልፉ ከላይ ተንጠልጥሎ የክሩ ጫፍ ከታች እንዲወጣ አደረገች። ቀፎውን ይዛ ቁልፉን ከራሷ በላይ ዝግ አድርጋ ታዞረው ገባች። ልቤ ውልቅ ብሎ ሳለ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ፊቴ ስትጫወት ማየት አናደደኝ።

ድንገት የክሩን ጫፍ ወደ ታች ሳበችው። ቁልፉ ዋው እያለ ፈጠነ። ለቀቅ አደረገችው፤ ዘገየ። ደግማ ሳበች፤ ፈጠነ። ለቀቀች፤ ዘገየ።

«እጄን አየሽው?» አለችኝ። «የያዘው እጄ ምንም አልጨመረም።»

ሙዚቃው እንደቆመበት ጨፋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ጥገና ክፍሉ ውስጥ እንገናኝ። እናትሽንም አምጪያት።»

«አትመጣም።»

«ትመጣለች። እናት ናት።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሁላችንም ተሰበሰብን። ባለቤቴን በሁለት ፖሊሶች መካከል አመጡት። እናቴ ፊቷን አዞረችበት። ሥራ አስኪያጁ እጁን በኪሱ አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ። ግራሶ ጥግ ይዟል። ቀለም ቀቢዋ ሁለት የሞሉ የቀለም ቆርቆሮዎች ታቅፋ ገባች፤ መርማሪዋ ነበረች አምጪ ያለቻት። በመካከል የቢሮው ተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል።

«አላስቸኩላችሁም» አለች መርማሪዋ፤ ራሷ ግን በጥድፊያ ትራመዳለች። «ከደወሉ ልጀምር። ሦስት ሰው ሰምቶታል። ዝግ አለ፣ ፈጠነ፣ ዝግ አለ። ሁላችሁም ስለ መፍጠኑ ጠየቃችሁኝ። ለምን እንደዘገየ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»



«ፖሊሱ እየሮጠ የገፋው ሽክርክሪት ለመቆም ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀበት። ሥራ አስኪያጁ ግን በያጁ እንደ እብድ ሲገፋው አይተው፣ ሰባ እርምጃ ሮጠው ሲደርሱ፣ በአንድ እጃቸው አቆሙት። ያን ሁሉ ፍጥነት በሰባ እርምጃ ውስጥ ማን ወሰደው? ፍሬን የለውም። ሞተሩም ገና አልተያያዘም።»

«ፈርቼ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በፍርሃት ጉልበት...»

«ፖሊሱን አሽቀንጥሮታል፤ እሱ ደግሞ ከእርስዎ ይወፍራል።» ወደ ቀለም ቀቢዋ ዞረች። «ተቀመጪልኝ፤ ቆርቆሮዎቹን በሁለት እጅሽ ዘርግተሽ ያዢ።»

«ቆርቆሮዎቹ የእኔ ስለሆኑ እንጂ እኔ ለዚህ አልተቀጠርኩም» እያለች ተቀመጠች። መርማሪዋ ወንበሩን በአንድ ጣቷ ገፋችው። ዝግ ብሎ ዞረ።

«አሁን ቆርቆሮዎቹን ወደ ደረትሽ ሰብስቢ።»

ሰበሰበች። ወንበሩ እንደ እንዝርት ሾረ። «ኧረ እናቴ ድረሽ!»

«ዘርጊ!»

ዘረጋች። ዘገየ። ልክ እንደ መጀመሪያው ዝግታ።

«ነገሩ ይሄው ነው» አለች መርማሪዋ። «የሚዞር ነገር የተሰጠውን ዙር አይጥልም። ከውጭ ካልጨመሩለት አይጨምርም፤ ካልቀነሱለት አይቀንስም። ክብደቱን ወደ መሐል ስትሰበስቡት ያው ዙር በጠባብ ቦታ ይፈጥናል፤ ስትዘረጉት ያው ዙር በሰፊ ቦታ ይዘገያል። የሽክርክሪቱ ክንድ እስከ ግማሹ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ተጋድሞ ጆሮውን የለጠፈ፣ ያልታጠቀ ሰው ያን አይችለውም። ከዚያ ክንዶቹ ሲለቀቁ ‹ጓ!› ብለው ተዘረጉ፤ ሽክርክሪቱም በያጁ በአንድ ግፊት ወደ ሰጠው ዝግታ ተመለሰ። አንድም የጨመረበት፣ አንድም የቀነሰበት ሰው የለም። ‹በራሱ ፈጠነ› ያለው ሰው ያየውን ነው የተናገረው። ቀለሙም ይመሰክራል፤ ሁለት ሰዓት ላይ የተቀባ ክንድ እስከ ግማሹ ገብቶ ወጥቷል።»

የእናቴ እጅ ክርኔን ያዘኝ። ፊቷን ወደ ባለቤቴ መልሳ ነበር።

«ታዲያ ክንዶቹን የሰበሰበው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው» አለች መርማሪዋ። «ግራሶ፣ ‹ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ› ብለኸኛል። ነበርክ?»

ግራሶ ላብ በላብ ሆነ። ወደ በሩ አየ፣ ወደ እናቴ አየ።

«እንጀራዬን...» አለና ጨርቁን ጣለው። «አልነበርኩም! ሕጉን ጥሼ ወጥቻለሁ። ‹ከመጋዘን ግራሶ አምጣ› ብለው ላኩኝ። ‹አለ እኮ፣ ጣሳው ሙሉ ነው› አልኳቸው። ‹ሂድ ስልህ ሂድ› አሉኝ። ስመለስ ዛቢያ ሞቷል።»

«ማን ላከህ?»

ግራሶ አገጩን ወደ በሩ ወረወረ።

«ይዋሻል!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጉድጓዱ የእሱ ነው፣ ማኖቬላው የእሱ ነው፤ ራሱን ለማዳን...»

«ልክ ነዎት፤ ሊዋሽ ይችላል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ የሰው አፍ እንተው። እባክዎ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝና ሁለቱን ቆርቆሮ ይያዙ።»

«እኔ ለምን?»

«ቀለም ቀቢዋ ከያዘችው እርስዎን አይከብድዎትም።»

«የልጆች ጨዋታ አልጫወትም።»

ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች። ድምፅዋን ከማክሰኞ ወዲህ እንዲህ ጥርት ብሎ አልሰማሁትም። «ተቀመጥ፣ ልጄ። ቆርቆሮ መያዝ የሚያስፈራህ ካልሆነ ተቀመጥ።»

ሁላችንም አየነው። ተቀመጠ። ቀለም ቀቢዋ አንዱን ቆርቆሮ ለግራ እጁ ሰጠችው። ሁለተኛውን ዘርግታ ቆመች፤ ቆየች።

«ክንዴ ዛለ እኮ፣ ጌታዬ» አለችው።

ቀኝ እጁ ከኪሱ ወጣ። ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ሥር አብጦ እንደ ተፈጨ ሥጋ ጠቁሯል። እጀታውን ሊይዝ ሞከረ። ቆርቆሮው ወድቆ ቀዩ ቀለም በወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ግራሶ የተጣመሙ ጣቶቹን አየ። «ማኖቬላውን ሳይነቅል...» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ሳይነቅል» አለች መርማሪዋ። «የሚያውቅ ሰው ይነቅል ነበር። ማክሰኞ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ሽክርክሪቱን በግራ አቆሙት፣ ውኃም በግራ ጠጡ። የፈረሙበትን ወረቀት ሁሉ አየሁት፤ ቀኘኛ ናቸው።»

«ላስደነግጠው ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከወንበሩ አልተነሳም፤ ወንበሩ በትንሹ ይወዛወዛል። «ማስደንገጥ ብቻ...»

«ለማስደንገጥ የሄደ ሰው አስቀድሞ የጉድጓዱን ሰው አይልክም፤ በኋላም ‹በመስኮት ሌላ ሰው አየሁ› አይልም።» ከቦርሳዋ አንድ የተሰበረ የወንበር ቱቦ አወጣች። «ይህን በያጁ የት እንዳለ ነገረኝ፤ ዛቢያ ደብቆት ነበር። ባለፈው ዓመት ልጅቷ ስትወድቅ የተሰበረው ቱቦ ነው። እዩት፤ የተቀደደው ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ነው። ብየዳው ቅንጣት አልተነካም። ግራሶ፣ ያን ቀን ምን ሆነ?»

«ሰልፉ ረዘመ» አለ ግራሶ አንገቱን ደፍቶ። «‹እስኪቆም ምን ያስጠብቀናል› ብለው ሥራ አስኪያጁ ገፍተውኝ፣ እየዞረ ራሳቸው ሰበሰቡት። በረረ። ልጅቷ ወደቀች። ‹ከተናገርክ እንጀራህን› አሉኝ። ዓመት ሙሉ ዋጥኩት። እሑድ ለት ግን ለዛቢያ ነገርኩት።»

«ሰኞ ዛቢያ ለእኔ ነገረኝ» አለ ባለቤቴ።  «ያ ጩኸት ጠብ አልነበረም። ‹ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር በልተህ ጠጥተህ፣ ብየዳዬ ደህና ነው ብለህ አንድ ቀን ለምን አልተከራከርከኝም?› ነው ያለኝ። ‹እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ነበር› አልኩት። አለቀሰ። ‹ነገ ከሰዓት ለተቆጣጣሪዎቹ ቱቦውን አሳያለሁ› አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። የሥራ አስኪያጁ መስኮት ክፍት ነበር።»

መርማሪዋ ለፖሊሶቹ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። ባለቤቴን ለቀው ሥራ አስኪያጁን ከወንበሩ አነሱት። ወንበሩ እሱ ከተነሳ በኋላም ትንሽ ዞረ። ቀለም ቀቢዋ በእግሯ አቆመችው።

ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። «ሳላምንህ ቀርቼ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔም ብሆን አላምንም ነበር» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ግራሶ ሥራውን አላጣም፤ አሁን ግን ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ መጠቅለያውም ተነቅሏል። ክንዶቹን ባለቤቴ በተዘረጉበት በየዳቸው፤ ልጆቹ በመሰላል ይወጣሉ። ደወሉን የነካው የለም። በእናቴ ቤት መስኮት ይሰማል።

እናቴ የባለቤቴን ንጽሕና በጆሮዋ ሰምታ እንኳ የገፋውን እጅ ማየት ከበዳት፤ ሰባት ወር ቤቷ አልገባም። በስምንተኛው ወር የጓሮ በሯ ማጠፊያ ተሰበረ። ጎረቤት ሌላ በያጅ ላምጣልሽ ቢላት እምቢ አለች። እሱ እስኪመጣ ሦስት ቀን በሩን በድንጋይ ደግፋ ጠበቀች።